የስልኩ ኩባንያ ትርፍ የወረደበት ዓመት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ወደ ላሊበላ ገበያ ስወርድ አንድ ነገር ያስቀኛል። አስጎብኚዎቹ እንግዳ እስኪመጣላቸው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ያያሉ። ድሮ የሚያወሩት ስለ ኳስ ነበር፤ አሁን ስለ አክሲዮን ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ከተከፈተ ጀምሮ የአንዳንድ ኩባንያዎች ዋጋ እጃቸው ላይ ይታያል። አንዱ "ወረደ" ይላል፤ ሌላው "ሪፖርት ወጥቶ ነዋ" ይለዋል። ባለፈው ሰሞን ከመካከላቸው አንዱ ጠራኝና "እትዬ ዘውድነሽ፣ ይሄ ሁሉ ሳይመጣ እርስዎ ምን ነበር የሚሠሩት?" አለኝ። በንቀት አልነበረም፤ እውነትም አላወቀም።

"ሪፖርት አነብ ነበር" አልኩት።

"ለማን?"

"ለእናትህ" አልኩት። እናቱ ባለአክሲዮን ነበረች።

ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ እኔም ወደ ገበያዬ ሄድኩ። ቤት ስገባ ግን መልሱ አነሰብኝ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ልጁ ቢያነበውም ባያነበውም ሙሉውን ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና የምትባል ከተማ ነው። ደሴ ሂሳብ ተምሬ እንደወጣሁ የገበሬ ማኅበራትን ሂሳብ የሚመረምር ቢሮ ውስጥ ተመደብኩ። የደላንታን ብርድ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የሄድኩት በስስ ሹራብ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜ ጋቢ ሆነ። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቢሮው ውስጥ የተቀበሉኝ ጋሽ ምስጋናው ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ኦዲተር ነበሩ። ትምህርት ቤት መደመርና መቀነስ አስተምሮኛል፤ ማንበብ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ምስጋናው ሪፖርት የሚያነቡት ከኋላ ነው። ከፊት የሊቀመንበሩ መልእክት አለ። መሃል ላይ ትርፍና ኪሳራው አለ። መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፉ ማብራሪያዎች አሉ፤ እሳቸው ከነዚያ ይጀምራሉ። "የፊቱን የጻፈው እንዲወደድለት ብሎ ነው፤ የኋላውን የጻፈው ኦዲተር አስገድዶት ነው" ይሉኝ ነበር። ደግሞም ወረቀቱን ከማንበባቸው በፊት ነገሩን ራሱን ሄደው ያያሉ። የወፍጮ ሂሳብ ከመጣ ወፍጮው ቤት ሄደው፣ ዱቄቱን በእጃቸው ጨብጠው፣ ወፍጮ ጠባቂውን አጫውተው ነው የሚመለሱት። ማኅበሩ ሩቅ ከሆነ በበቅሎ፣ በቅሎ ከጠፋ በእግር። እኔም ጋቢዬን ደርቤ እከተላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አጉረምርም ነበር፤ በኋላ ያላየሁትን ነገር ሂሳብ ማንበብ ራሱ ይከብደኝ ጀመር።

ስብሰባ ላይ ሰው ሲጮህ እሳቸው አይጮሁም። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ያነሱና ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ሰው ውሃ የሚጠጣ ሰው ሲያይ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ግን እኔም ሞክሬው ሠርቶልኛል።

ለገበሬ ሲያስረዱ ከትምህርት ቤት ያመጣናቸውን ቃላት ያስቀምጡና ገበሬው በሚያውቀው ይጀምራሉ። በትርፍና በጥሬ ገንዘብ መካከል ያለውን ልዩነት እኔ ለማስረዳት ላብ ላብ ሲለኝ፣ እሳቸው "ትርፍ አውድማ ላይ ያለ እህል ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ጎተራ የገባው ነው። መካከል ላይ ዝናብም ወፍም አለ" ብለው ይጨርሱታል። የእርጅና ተቀናሽ የሚባለውን፣ ማሽን በየዓመቱ ዋጋው የሚቀነስበትን ነገር ደግሞ "በሬ የሚያረጀው የሞተ ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያረጃል፤ እኛም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እንጽፍለታለን" ይሉታል። ገበሬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ገብቶታል።

እዚያው ወገል ጤና ሳለን ነው በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከገጠመኝ ውድቀት የከፋው የደረሰብን። ደላንታ ምስር ያበቅላል። አንድ የገበሬዎች ማኅበር አባላቱ ድርሻ አዋጥተው የምስር መከኪያ ማሽን ገዙ። ሳይከካ በርካሽ ይሸጡት የነበረውን ምስር ከክተው ሊሸጡ ነው ሐሳባቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ማሽኑ መጣ፣ ቤት ተሠራለት፣ መብራቱ ግን ዘገየ። ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡን ስንሠራ ማኅበሩ ከስሯል፤ መክሰሩም የሚጠበቅ ነበር፤ ማሽን የገዛ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ይሆናል።

ጋሽ ምስጋናው ለኃላፊያችን ነገሩት። "ይሄ ሪፖርት ሰው ተሰብስቦ ተነግሮት እንጂ እንዲሁ መውጣት የለበትም" አሉት። እኔም ደግፌ ተናገርኩ። ኃላፊያችን ግን ቸኩሏል፤ ከላይ ይጠየቃል። "ግልጽነት ማለት መለጠፍ ነው" አለና አንዷን ገጽ ብቻ፣ ኪሳራው የተጻፈባትን፣ በገበያ ቀን በማኅበሩ በር ላይ አስለጠፈ።

ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበለት። ከሰዓት በኋላ ላይ ወሬው "ማኅበሩ ገንዘባችሁን በልቶታል" ሆኖ ነበር። አባላቱ ድርሻችንን መልሱልን ብለው መጡ። ጋሽ ምስጋናው ፊታቸው ቆሙ፤ ብርጭቆአቸውን አንስተው ጠጡ፤ ማንም ዝም አላለም። ያን ቀን ብቻ ነው ውሃው ሳይሠራላቸው ያየሁት። እኔም አንድ በአንድ እየያዝኩ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አንዷን ሳስረዳ አሥሩ ይሸሻሉ። በሳምንታት ውስጥ ማኅበሩ ፈረሰ። ማሽኑን ለአንድ ነጋዴ በወረደ ዋጋ ሸጡት። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ መጣ። ነጋዴው ማሽኑን እዚያው ቤት ውስጥ አስነሳው፤ ገበሬዎቹ የገዛ ምስራቸውን ተሸክመው ለእሱ እየከፈሉ አስከኩ።

ጋሽ ምስጋናው ያን የማሽን ድምፅ በሰሙ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበር። አንድ ቀን አብሬአቸው ስሄድ "ሰው ብቻውን ካነበበ ይሸሻል፣ ዘውድነሽ። አብሮ ካነበበ ይቀመጣል፤ ወይም ቢሄድም አውቆ ይሄዳል" አሉኝ። ጡረታ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከዚያች መንገድ ላይ ከሰማኋት ንግግር የተቀዳ ነው።

ጋሽ ምስጋናው አሁን በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በኋላ የላሊበላ ሰው አግብቼ በጋሸና በኩል ወደዚህ ዞርኩ። ባንክ ተቀጥሬ ለረጅም ጊዜ ሠራሁ። ባንክ ጥሩ ነበር፤ ግን መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ፊት በመስታወት ማየት አልወደድኩትም። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተቋቁሞ አክሲዮን በየክልሉ መሸጥ ጀመረ። ሥራው ሰዎች በስልካቸው ገንዘብ እንዲከፍሉና እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። በየገበያው ወኪሎች አሉት፤ ወኪሉ ጥሬ ብር ይቀበልና በስልክ ይልካል፣ በስልክ የመጣውን ደግሞ ጥሬ ብር አድርጎ ይሰጣል። ላስታ ውስጥ "የስልኩ ኩባንያ" ነው የሚሉት፤ እኔም እንዲያው ልበለው።

አክሲዮኑን የገዙት ብዙ ናቸው። ባለ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎች፣ መስቀል የሚቀርጹ ሰዎች፣ ከገጠሯ ከብልባላ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ። ኩባንያው ላሊበላ ላይ የባለአክሲዮኖችን ጉዳይ የሚይዝ ሰው ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሪፖርቱ በወጣ ቁጥር ባለአክሲዮኑን ሰብስቤ ማንበብ፣ ጥያቄውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ማድረስ፣ አክሲዮን ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር መመዝገብ ነበር። ያን ጊዜ የኩባንያው አክሲዮን ገበያው ላይ አይሸጥም፤ መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን ራሱ ነው የሚፈልገው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀላል ነበሩ። ትርፍ ይነገራል፣ የትርፍ ድርሻ ይከፈላል፣ ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔ ግን ከኋላ ጀምሬ ነበር የማነብላቸው። "እትዬ፣ ወደ ትርፉ ግቢልን" ይሉኛል። "እንገባለን" እላለሁ፤ ቀስ ብዬ ማብራሪያዎቹን እጨርሳለሁ። አንዳንዱ ያንቀላፋል። ማንቀላፋቱን አልጠላሁትም፤ ዋናው መቀመጡ ነው።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መጀመሪያ ዓለምን የዘጋው በሽታ እንግዳ አስቀረ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። ላሊበላ ያለ እንግዳ ምን እንደምትመስል ያየ ያውቀዋል። ሆቴሎች አልጋቸውን በላስቲክ ሸፈኑ። አስጎብኚዎች ወደ ዘመዶቻቸው መሬት ተመልሰው አረሱ። በዚያ መሃል ሰው እጁ ላይ የቀረችው ነገር ያቺ አክሲዮን ነበረች።

እንግዳው ጥቂት ጥቂት መመለስ በጀመረበት ዓመት ነው የኩባንያው ሪፖርት የወጣው። ትርፉ ክፉኛ ወርዷል፤ የትርፍ ድርሻ የለም። ሙሉው ሪፖርት እጄ ሳይገባ በፊት አንድ ሰው አንዷን ቁጥር ቆርጦ፣ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት አድርጎባት፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቃት። ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል።

ፊት ለፊት የቆመችው እንጉዳይ ናት። እንጉዳይ የራሷን ሆቴል ከአንድ ክፍል ጀምራ ያቆመች፣ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማይመለስ ሴት ናት፤ ወዳጄም ናት።

"ዘውድነሽ፣ በልተውናል አይደል?" አለችኝ።

"ሪፖርቱን ገና አላነበብኩትም።"

"እኔ አንብቤዋለሁ።" ስልኳን አሳየችኝ፤ ቀዩ ቀስት ነው።

"ይሄ ቀስት ነው እንጂ ሪፖርት አይደለም፣ እንጉዳይ።"

ከኋላዋ ሲሳይ የሚባል አስጎብኚ አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ በዚያን ቀን ግን በአንዱም ቋንቋ መናገር አቅቶት እጁን ብቻ ያወራጫል። ከእሱ ጎን አያ ደሳለኝ ቆመዋል፤ ከብልባላ በሌሊት ተነስተው የመጡ ገበሬ። አያ ደሳለኝ አክሲዮኑን ሲገዙ አንድ በሬ ሸጠው እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ።

"እቴ፣ እኔ ብዙ ወሬ አልፈልግም" አሉኝ። "በሬዬ አለ ወይስ ሞቷል?"

"አያ ደሳለኝ፣ ሳላይ እንዲህ ነው አልልዎትም። አይቼ እነግርዎታለሁ።"

"መቼ?"

"ሁለት ሳምንት አይሞላም።"

በዚያው ጠዋት ሲሳይ ሌላ ነገር ነገረኝ። ከወልዲያ የመጣ አንድ ሰው ጭማቂ ቤት ተቀምጦ አክሲዮን እየገዛ ነው። ከተገዛበት ዋጋ በግማሽ። ሁለት ሰዎች ሸጠውለታል፤ ሌሎቹም ወደዚያው እያዩ ነው። ስሰማው ወገል ጤና ነው የታየኝ።

ከአዲስ አበባም ስልክ ተደወለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው አለቃዬ ነው።

"ሰውን አረጋጊልን" አለኝ። "አትሽጡ በያቸው። የሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ነው በያቸው።"

"የሚቀጥለው ዓመት ጥሩ መሆኑን ታውቃለህ?"

"ተስፋ አለን።"

"ተስፋን እንደ ሪፖርት አላነብም። አትሽጡ ብዬ ነገ ቢብስ ማን ፊት ልቆም ነው? እኔ የምነግራቸው ያለውን ነው። ሙሉውን ሪፖርት ላክልኝ፤ የፋይናንስ ኃላፊውንም ላክልኝ፤ ራሱ መጥቶ ይጠየቅ።"

እሱም "ካልሆነ ሌላ ሰው እንመድባለን፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ" አለኝ። ዛቻ መሆኑ ገብቶኛል። ልጆቼ ገና ተማሪዎች ነበሩ፤ የባለቤቴም ሥራ ቆሟል። ቢሆንም "መድቡ፤ የሚመጣው ሰው ግን እስኪደርስ ድረስ እኔ የማነበው ሙሉውን ነው" አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ሪፖርቱ ግን በማግሥቱ ተላከልኝ።

ከኋላ ጀመርኩ። ማብራሪያዎቹ ውስጥ የትርፉ መውረድ ምክንያቱ ተዘርዝሯል። ኩባንያው በገጠር ገበያዎች አዳዲስ ወኪሎች ከፍቷል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መሣሪያዎች ገዝቷል፤ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ ስለተለወጠ ለሶፍትዌሩ የሚከፍለው ጨምሯል። ይህ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ መሬት ላይ መኖር አለመኖሩን ማየት አለብኝ። ስለዚህ በብልባላ የገበያ ቀን ወደዚያ ሄድኩ።

ብልባላ ገበያ ላይ የኩባንያው ወኪል አንዲት ሱቅ ያላት ሴት ናት። ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ሰሌዳው አለ፤ ሪፖርቱ አልዋሸም። ከጠዋት ጀምሮ እሷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ገብስ የሸጠ፣ በግ የሸጠ፣ ከከተማ ልጁ የላከለት ሰው ሁሉ ይመጣል። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ሰው በስልክ ይገበያያል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ሴትዮዋ መሳቢያዋን ዘጋችው።

"ምነው?" አልኳት።

"ጥሬ ብር አለቀብኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከሰዓት የመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለስ።"

"ለኩባንያው ነግረሻል?"

"ነግሬያለሁ። እናያለን ይላሉ።"

ይህ ሪፖርቱ ላይ የለም። ስመለስ ሁለቱንም በልቤ ይዤ መጣሁ፤ ሰው መብዛቱንም፣ ብር ማለቁንም።

የፋይናንስ ኃላፊው በአውሮፕላን መጣ። ወጣት ነው፤ ክራቫት አስሯል፤ ላሊበላን አይቶ አያውቅም። ስብሰባውን እንጉዳይ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አደረግን። እንጉዳይ ብትናደድም አዳራሹን አልከለከለችኝም፤ "ከበሉንም በቤቴ ይበሉን" አለች። ወንበሩ ሁሉ ሞላ፤ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያ ከወልዲያ የመጣው ገዢም መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

አንዱ ተነስቶ ጣቱን ቀሰረበት። "ይሄ ሰውዬ ይውጣልን! ድህነታችንን ሊገዛ ነው የመጣ።"

ሰውየው አልተናደደም። "እኔ ሪፖርቱን አንብቤ ነው የምገዛው" አለ። "ማንበብ ወንጀል ነው?"

አዳራሹ ተናወጠ። ብርጭቆዬን አነሳሁና ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ዝም አሉ።

"ወንጀል አይደለም" አልኩ። "እሱ ይቀመጥ። እኛም እናንብብ።"

ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። ያን ቀን ማንም "ወደ ትርፉ ግቢልን" አላለኝም፤ ማንም አላንቀላፋም። የወኪሎቹን ወጪ ሳነብ ብልባላ ያየሁትን የሰው ብዛት ነገርኳቸው። የመሣሪያዎቹን የእርጅና ተቀናሽ ሳነብ ስለ በሬ ማርጀት ነገርኳቸው፤ አያ ደሳለኝ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። የምንዛሪውን ሳነብ ባለ ሆቴሎቹ ራሳቸው እየተቀባበሉ ለገበሬዎቹ አስረዱልኝ። እዚያ ላይ ከኔ ይሻሉ ነበር። ከዚያ "ጥሩውን ሰምታችኋል፤ ያልተጻፈውንም ልንገራችሁ" ብዬ የወኪሏን መሳቢያ ነገርኩ። ወደ ፋይናንስ ኃላፊውም ዞርኩ።

"ይሄን ታውቁታላችሁ?"

ልጁ ደነገጠ፤ ለመዋሸት ግን አልሞከረም። "እናውቀዋለን" አለ። "ብር የሚያደርስ መኪና አላሰማራንም። የከፈትነው ወኪል ብዙ ነው፤ ማቅረቢያው አልደረሰበትም። ስህተታችን ነው፤ እየሠራንበት ነው።"

እንጉዳይ ተነሳች። "የሚቀጥለው ዓመትስ ትከፍሉናላችሁ?"

ወደ እኔ አየ። ዋናው መሥሪያ ቤት ምን በል ብሎ እንደላከው ከፊቱ ላይ አነበብኩ። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት።

"ቃል መግባት አልችልም" አለ በመጨረሻ። "የሚቀጥለው ዓመትም የትርፍ ድርሻ የሚኖር አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ወኪሎቹ ወጪያቸውን ከመለሱ ይኖራል። ካልመለሱ አይኖርም።"

ጫጫታ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጭራሽ አልተነሳም። ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። እንጉዳይ ተቀመጠችና "ከመጀመሪያው እንዲህ አትሉም ነበር?" አለች፤ ድምፅዋ ረግቦ። ሲሳይ እጁን አውጥቶ፣ በየትኞቹ ገበያዎች ወኪሎቹ እንደተከፈቱ፣ የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደማይሠራ ጠየቀ። ሌላው ቀጠለ። ከሰዓት በኋላው በሙሉ በጥያቄ አለቀ፤ ልጁ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከትቶ መልስ ይሰጥ ነበር።

መጨረሻ ላይ አያ ደሳለኝ ተነሱ።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ" አሉ። "በሬው አልሞተም፤ አረዳችሁብኝም አላልኩ። ግን እኔ ሁለት ዓመት የምጠብቅበት ትከሻ የለኝም። ክረምቱ ሳይገባ ማረስ አለብኝ። ልሽጥ ነው።"

አንዳንዱ "አይ አያ ደሳለኝ፣ ይታገሱ" ማለት ጀመረ። እኔ ከለከልኩ። "አያ ደሳለኝ አስበው ነው የተናገሩት" አልኩ። "መሸጥ የፈለገ ሁሉ እዚሁ ይናገር። መግዛት የፈለገም እዚሁ ይናገር። ጭማቂ ቤት የሚያስኬድ ነገር የለም።"

ሲሳይ ሁለት ጓደኞቹን አየና "እኛ ሦስታችን ያለንን አዋጥተን እንገዛለን" አላቸው አያ ደሳለኝን። "በገዙበት ዋጋ።" የወልዲያው ሰውም ከኋላ "እኔም በዚያው ዋጋ እገዛለሁ" አለ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ፈገግ አለ። አያ ደሳለኝ ለአስጎብኚዎቹ ሸጡ። ሌሎችም ጥቂት ሰዎች ሸጡ፤ አንዲት እናት ለልጇ ሕክምና፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ስለሰለቸው። የሚበዛው ሰው አክሲዮኑን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ። ለእያንዳንዱ ሻጭ ዝውውሩን ስመዘግብ ለምን እንደሚሸጥ እጠይቅ ነበር፤ ላስቀረው አይደለም፣ ምክንያቱን በራሱ አፍ እንዲሰማው ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት። "እትዬ፣ እኔ ሰው ይደበድበኛል ብዬ ነበር የመጣሁት" አለኝ። "ደብድበውሃል እኮ" አልኩት፤ ሳቀ። ሌላ ሰው እመድባለሁ ያለው አለቃዬ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሲወጣ ለሌሎች ከተሞች ተወካዮች "ላሊበላ እንደተደረገው አድርጉ" የሚል ትዕዛዝ እንደተላለፈ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ባህር ዳር አስጠርተውኝ ለተወካዮቹ አስተማርኩ። የጋሽ ምስጋናውን ስም ሳልጠራ አንድም ነገር አላስተማርኩም።

ሁለተኛው ዓመት ልጁ እንዳለው የትርፍ ድርሻ አልነበረም። ቢሮዬ በር ላይ ማንም አልተሰለፈም። እንጉዳይ ብቻ መጥታ "የብልባላዋ መሳቢያ እንዴት ሆነች?" አለችኝ። ብር የምታደርስ መኪና በሳምንት በሳምንት መሄድ ጀምራለች አልኳት። "ጎሽ" ብላ ሄደች። በሦስተኛው ዓመት ድርሻው ተከፈለ፤ የአክሲዮኑም ዋጋ ከፍ አለ። አሁን ደግሞ ኩባንያው ወደ አክሲዮን ገበያው ለመግባት እየተዘጋጀ ነው ይባላል። እሱን የሚከታተሉት ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸው፤ እኔ ወጥቻለሁ።

በዚያ ሁሉ መሃል ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር። ከኛ ስብሰባ በፊት በግማሽ ዋጋ የሸጡት ሁለቱ ሰዎች እስካሁን ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የሚያነብላቸው ሰው ሳይደርስ ስለሸጡ አዝናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አያ ደሳለኝን ለማግኘት እፈራ ነበር። ዋጋው ከፍ ማለቱን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ላስታ ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። ብልባላ ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ገበያ ላይ አላገኘኋቸውም፤ አልፈለግኳቸውምም።

ጡረታ የወጣሁ ዓመት በማርያም ዕለት ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ስወጣ አቀበቱ ላይ ደረስኩባቸው። በትራቸውን ተደግፈው ትንፋሽ ይወስዱ ነበር። ተሳሳምን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ።

"አያ ደሳለኝ፣ ያን አክሲዮን ሳስበው ይቆጨኛል። ቢቆዩ ኖሮ…"

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"እቴ፣ ያን ጊዜ በሬ ገዛሁበት፤ አረስኩበት፤ ክረምቱን ቤተሰቤ ተሻገረ። ዋጋው ከፍ አለ አሉኝ፤ እሰይ አልኩ፤ ለሲሳይ ነው የሆነለት፣ እሱም የቸገረው ልጅ ነው።" ትንሽ ተነፈሱ። "ተነግሮኝ ነው የሸጥኩት። አንቺ ወረቀቱን ስታነቢልኝ፣ ያ ልጅ የሚቀጥለው ዓመትም የለም ሲል፣ እኔ ደግሞ ክረምቴን ሳሰላ፣ ሁሉንም አይቼ ነው። ምን ይቆጨኛል? የሚቆጨው ሳይነገረው የሸጠ ነው።"

ከዚያ በትራቸውን አስተካክለው "በይ ቅዳሴው ሳያመልጠን እንውጣ" አሉኝ። ከኋላቸው ተከተልኳቸው። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያን ቀን ግን እስከ ጫፉ ድረስ አንድም ጊዜ ሳልቀመጥ ወጣሁ።